ስኳሩን በምን ልተካው? የልጆቼ መክሰስ ሙከራ ማስታወሻ

ነሐሴ 2

ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ወር ምናምን ነው የቀረው፣ ዘንድሮ ምሳ እቃቸው ውስጥ የታሸገ ብስኩት አልከትም ብዬ ወስኛለሁ። ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው፣ የትልቁ (7 ዓመቱ ነው) መንጋጋ ተቦርቡሮ ሲሞላለት ሐኪሟ "በመክሰስ ሰዓት ምንድነው የሚበላው?" አለችኝ፣ ብስኩትና ጁስ አልኳት፣ ከዛ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፣ በቀን ስንት ጊዜ አፉ ውስጥ ይገባል የሚለውም ነው፣ ጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመርታሉ፣ ጥርሱ ደሞ መሀል ላይ የሚያገግምበት ጊዜ ይፈልጋል። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። ትንሿ 4 ዓመቷ ነው፣ የሷ ጥርስ እስካሁን ደህና ነው፣ እንደዛው እንዲቆይላት ነው የምፈልገው።

ስለዚህ ይሄን ነሐሴ ሙሉ እየጋገርኩ እየመዘንኩ እጽፋለሁ። ፍልሰታ ስለሆነ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተት የለም፣ ትልቁም ዘንድሮ እኔም እጾማለሁ ብሏል፣ እኛም ልጅ እያለን የምንጾማት እሷን ነበር። ለሙከራው ግን ጥሩ ነው፣ የሚቀያየረው ነገር ካነሰ የማጣፈጫው ልዩነት ይለያል።

መሠረቱ ሁሌም አንድ ነው፦ 200 ግራም አጃ፣ 100 ግራም በሶ፣ 80 ግራም የለውዝ ቅቤ፣ 60 ግራም ዘይት፣ በእንቁላል ፈንታ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በውሃ ተበጥብጦ እስኪዝለገለግ የቆየ፣ ትንሽ ጨው። 20 ፍሬ ይወጣዋል። የለውዝ ቅቤውን ራሴ ነው የምፈጨው፣ ምክንያቱም ሱቅ የገዛሁትን ማሰሮ ጀርባውን ሳነብ ከለውዝ ቀጥሎ የተጻፈው ስኳር ነው፣ የሚጻፈው ደሞ በብዛት ቅደም ተከተል ነው። የተቆላ ለውዝ ብሌንደር ውስጥ እየቆመ እየተነሳ 10 ደቂቃ ያህል ሲፈጭ ራሱ ዘይቱን ያወጣል፣ ምንም አይጨመርበትም። ሙሉ ለውዝ ግን ለትንሿ አልሰጥም፣ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያንቃል፣ ቆሎም እንደዛው።

ነሐሴ 3

መጀመሪያ በተራ ስኳር ጋገርኩ፣ ማነጻጸሪያ እንዲሆነኝ። 150 ግራም፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉት አሠራሮች ከዚህም በላይ ነው የሚሉት። በ180 ዲግሪ 14 ደቂቃ። በጣም ቆንጆ ሆነ፣ ዳሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ልጆቹ በአንዴ ሰባት ፍሬ ጨረሱ።

ከዛ ሒሳቡን ሠራሁት። 150 ለ20 ሲካፈል አንዱ ኩኪስ 7 ግራም ተኩል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ) ያወጣው መመሪያ የሚለው፣ ከስኳር፣ ከማር፣ ከሽሮፕና ከጁስ የሚገኘው ስኳር ከቀኑ ኃይል ከ10 ፐርሰንት በታች ይሁን፣ ከ5 በታች ቢሆን ደሞ ይበልጥ ይጠቅማል ነው። ትንሿ በቀን ወደ 1,300 ካሎሪ ትበላለች ብል 5 ፐርሰንቱ 65 ካሎሪ ነው፣ ወደ 16 ግራም ስኳር፣ አራት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሁለት ኩኪስ በበላች ቁጥር የቀኗን ጨረሰች፣ ሻዩ ውስጥ የገባው ሳይቆጠር። አንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ለስላሳ ደሞ ብቻውን ወደ 30 ግራም አለው። ይሄን ሳይ "ቤት የተሠራ ነው" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም እንደማይጠቅም ገባኝ፣ እኔም ቤት ሠርቼ ያንኑ ልሰጣቸው ነበር።

ነሐሴ 5

ቡናማ ስኳር ላይ ብዙ አልቆይም። ጎረቤቴ "እሱ ጤናማ ነው" ብላኝ ገዝቼ ነበር፣ ነጭ ስኳር ላይ ትንሽ ሞላሰስ የቀረበት ነው በቃ፣ ጠረኑ ደስ ይላል፣ ስኳርነቱ ግን ያው ነው። ሱፐርማርኬት ያየሁትን፣ አጋቬ ከሚባል ተክል የሚወጣውን ሽሮፕም አልገዛሁትም፣ አብዛኛው ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ነው፣ ዋጋው ደሞ አይቀመስም።

ነሐሴ 6

ማር። ይሄ ረጅም ነው።

ማሩ ከጎጃም ዘመድ የላከልን ነው፣ ረግቶ ነጭ ቅቤ መስሏል። እማዬ እኛ ጋ ነች ለጾሙ፣ አየችውና "ስኳር ገብቶበታል ይሄ" አለች። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው፣ ግን ማር መርጋቱ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም፣ ውስጡ ያለው ግሉኮስ ነው ክሪስታል የሚሠራው፣ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ማሰሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሳስቀምጠው ተመልሶ ፈሰሰ። እውነቱን ለመናገር ባለፈው ዓመት መንገድ ዳር ከገዛሁት አንድ ኪሎ ማር የቀረኝ ብስጭት አለ፣ ሁለት ወር እንኳን ሳይቆይ አረፋ አውጥቶ ኮመጠጠ። ክብሪት አስነክረህ ለኩስ፣ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርግ የሚሉት የቤት ፈተናዎች እርግጠኛ አያደርጉም፣ ዋናው የሚታመን ሰው ነው።

150 ግራም ስኳሩን በ150 ግራም ማር ተክቼ ጋገርኩ፣ ስህተት ነበር። አንደኛ ማር ከስኳር ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ሁለተኛ ውሃ አለው፣ ሊጡ ቀጠነ፣ ሦስተኛ ቶሎ ይጠቁራል፣ በ180 ዲግሪ ታቹ አረረ መሀሉ ገና ነው። ትልቁ "መረረኝ" ብሎ መለሰው፣ ልክ ነው።

ነሐሴ 7

ድጋሚ ማር። አሁን 110 ግራም፣ ኦቨኑን 165 አደረግኩት፣ ማር አሲድነት ስላለው ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩ፣ ሰዓቱን ወደ 17 ደቂቃ አሳደግኩ። በጣም ጥሩ ሆነ፣ ቀለሙ ወርቅ። ግን ቀጭ አይልም፣ ለስላሳ ነው፣ በማግስቱ ደሞ ይበልጥ ለስልሶ ነበር፣ ማር እርጥበት ስለሚይዝ ነው። ልጆቹ ወደዱት።

ሒሳቡ፦ ማር ከ100 ግራሙ ወደ 82 ግራሙ ስኳር ነው፣ 110 ግራም ማር ወደ 90 ግራም ስኳር፣ ለ20 ሲካፈል 4 ግራም ተኩል። ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል። ግን ልብ በሉ፣ የተሻለው ማር ስለሆነ ሳይሆን ስለቀነስኩት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቆጠራ ላይ ማርና ስኳር አንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ጥርስ ላይም ማር መሆኑን የሚጠይቅ ባክቴሪያ የለም። እኔ ራሴ ማር ስለተጠቀምኩ ብቻ ነፃ የወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ማታ እህቴ ልጇን ይዛ መጣች፣ 9 ወሯ ነው። እማዬ ጣቷን ማር ነክራ ልታልሳት ስትል ሮጬ ደረስኩ።

"እማዬ ተይ፣ ዓመት ሳይሞላት ማር አይሰጣትም!"

"ምን ሆንሽ ልጄ? ማር እኮ መድኃኒት ነው። እናንተንስ በምን አሳደግኳችሁ?"

አውቃለሁ፣ እኛን አልሳናለች፣ ምንም አልሆንንም፣ ግን ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፣ የትልቅ ሰው አንጀት ያሸንፈዋል፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን በቅሎ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ ሰውነት ያዝላል፣ መተንፈስ ድረስ ያስቸግራል። ማሩ ንጹሕ መሆኑ ለውጥ የለውም። ዘሩ ደሞ ሙቀት ይችላል፣ ስለዚህ የተጋገረ ነው ብዬም የማር ኩኪሱን ለሷ አልሰጥም። ቀስ ብዬ ስነግራት እማዬ ጣቷን ራሷ ላሰችው፣ "እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" አለች፣ ትንሽ ከፋት። ኋላ ግን ሙዝ በሹካ ፈጭታ ስትሰጣት ነበር ያየኋት፣ ልቤ ተረጋጋ።

ነሐሴ 10

ቴምር። 150 ግራም ፍሬው ወጥቶ፣ በፈላ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፌ በብሌንደር ፈጨሁት፣ የዘፈዘፍኩበትን ውሃ አልደፋሁም፣ ጣዕሙ እዛም ስላለ ሊጡን ለማላላት ተጠቀምኩበት። ጣዕሙ ካራሜል ካራሜል ይላል፣ ከሁሉም ሙከራዬ በጣዕም አንደኛ ይሄ ነው፣ ባሌ ማታ በቡና አራት በላ።

በግራም ካየነው ቴምርም ከግማሹ በላይ ስኳር ነው፣ ከማሩ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ስኳሩ ከነፋይበሩ መምጣቱ ነው፣ ሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን የዓለም ጤና ድርጅትም ከዛ 5 እና 10 ፐርሰንት ውስጥ አያስገባውም። እዚህ ላይ ግን ራሴን ጠየቅኩ፣ ብሌንደር ውስጥ ከፈጨሁት በኋላስ ሙሉ ፍሬ ነው? እንግሊዞች ለምሳሌ የተፈጨ ፍሬን ከዛ ከሚገደበው ስኳር ጋር ነው የሚቆጥሩት፣ ስኳሩ ከሴሉ ወጥቷላ። ስለዚህ ቴምር የገባበት ሁሉ "ስኳር የለውም" ብሎ መጻፍ ለኔ ልክ አይመስለኝም። ደሞ ጥርስ ላይ ይለጠፋል፣ ዘቢብም እንደዛው፣ ከበሉ በኋላ ውሃ እያስጠጣኋቸው ነው። ዋጋውም ከስኳር በብዙ እጥፍ ነው፣ ረመዳን ሲደርስ ገበያው ላይ በደንብ ይገኛል፣ ሌላ ጊዜ መፈለግ አለ። በየሳምንቱ የምችለው አይደለም።

ነሐሴ 12

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ሰው ሲመጣ ስቴቪያ የሚባል ከቅጠል የሚሠራ ማጣፈጫ ልካልኝ ነበር፣ በከረጢት። በልጆቹ ላይ ከመሞከሬ በፊት ለኛ ለትልልቆቹ ጋገርኩት። ስቴቪያ ከስኳር ከ200 እጥፍ በላይ ስለሚጣፍጥ በጣም ትንሽ ነው የሚገባው፣ ታዲያ ስኳሩ ሲወጣ የነበረው ቦታ ባዶ ይቀራል፣ ኩኪሱ አይዘረጋም፣ አይጠቁርም፣ ደረቅ ቂጣ ሆነ። መጨረሻ ላይ ምላስ ላይ የሚቀር መራራ ነገር አለው። ከረጢቱን ሳነብ ደሞ አብዛኛው ኤሪትሪቶል የሚባል ሌላ ማጣፈጫ ነው፣ ስቴቪያው ጥቂት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ) እንደ ስቴቪያ ያሉ ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ መጠቀምን አልመክርም ብሏል፣ ምክሩ ስኳር በሽታ ያለባቸውን አይመለከትም። እኔ ግን የተውኩት በሌላ ምክንያት ነው። የልጆቼ ምላስ ትንሽ ጣፋጭ ሲያገኝ እንዲበቃው ነው የምፈልገው፣ ስቴቪያ ደሞ ያንኑ ኃይለኛ ጣፋጭነት ይዞ ይቀጥላል፣ ካሎሪው ብቻ ነው የጠፋው። እህቴን ደውዬ አመሰገንኳት፣ ለአባዬ ሻይ ሰጠሁት፣ እሱ ስኳር አለበት።

በነገራችን ላይ ውሻ ያላችሁ፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ነገር ቤት ካለ ከውሻ አርቁ፣ ለሰው ጥርስ ጥሩ ቢሆንም ለውሻ መርዝ ነው።

ነሐሴ 17

ጾሙ ተፈታ። ትናንት ቤቱ ዶሮ ዶሮ ነው የሸተተው፣ ማንም ስለ ኩኪስ አላነሳም።

ዛሬ እማዬ ሳልጠይቃት አንድ ነገር ሠራች። በሶውን በለጋ ቅቤ ለወሰች፣ ጨውና ትንሽ ኮረሪማ፣ ለልጆቹ ብላ በርበሬ አላስገባችም፣ ድቡልቡል አድርጋ ሰጠቻቸው። ጭኮ። ትልቁ ሦስት በላ፣ ትንሿ ሁለት። ማጣፈጫ ዜሮ ግራም።

ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስኳሩን በምን ልተካው እያልኩ ስመዝን፣ መክሰስ የግድ ጣፋጭ መሆን አለበት ያለኝ ማንም የለም እኮ፣ ያ ሐሳብ ከብስኩቱ ጋር ነው ቤቴ የገባው። እኛ ልጅ ሆነን መክሰሳችን ቆሎ፣ ንፍሮ፣ በሶ፣ የተቀቀለ በቆሎ ነበር። ጣፋጭ የሚመጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። እናም ከሳምንቱ አምስት ቀን ሁለቱ ጨው ጨው የሚል ነገር እንዲሆን ወሰንኩ፣ ይሄ ብቻውን ከሁሉም ማጣፈጫ ልውውጥ ይበልጥ ይቀንስልኛል። የጭኮው ችግር ቅቤው ነው፣ ሙቀት ላይ ይቀልጣል፣ ምሳ እቃው ውስጥ ጨርቅ ላይ እንዳይፈስ ቅቤውን መቀነስና ጠበቅ አድርጎ መለወስ አለብኝ።

ነሐሴ 21

ሙዝ። የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ ነጠብጣብ ያወጣ፣ ሻጩ ራሱ "ይሄን ቀንሼ ልስጥሽ" ያለኝን። ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ስለዚህ ቆዳው ላይ ጥቁር ያልወጣበት ሙዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። 300 ግራም ሙዝ በሹካ ፈጨሁ፣ ውስጡ ወደ 36 ግራም ስኳር ነው፣ በአንድ ፍሬ 2 ግራም እንኳን አይሞላም። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

ትንሿ በላች። ትልቁ ነከሰና "ይሄ ኩኪስ አይደለም፣ ዳቦ ነው" አለ። አልተቆጣሁትም፣ ከ7 ግራም ተኩል ወደ 2 በአንዴ ማውረድ ብዙ ነው። ደሞ ሦስተኛው ቀን ላይ ሻጋታ አወጣ፣ እርጥበት አለው ስኳርም የለም፣ ስኳር ለካ ማጣፈጥ ብቻ አይደለም ሥራው፣ እንዳይበላሽም ይጠብቃል። ከዚህ በኋላ ግማሹን ፍሪዘር።

ነሐሴ 25

ይሄ የምወደው ቀን ነው። ጓደኛዬ ከሀዋሳ ስትመጣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች አመጣችልኝ፣ ቫይታሚን ኤ የሚሆን ነገር በብዛት ያለው እሱ ነው፣ ነጩ የለውም። ግማሹን ቆራርጬ በፈላ ውሃ ቶሎ ቀቀልኩት። ሌላውን ግን እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ ጣት በሚያህል ውፍረት ቆርጬ ምጣዱ ላይ ደረደርኩና አክንባሎውን ገጠምኩ፣ ምጣዱ ሲበርድ ለትንሽ ደቂቃ አብርቼ መልሼ እያጠፋሁ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አቀመስኳቸው፣ ምን እንደሆነ ሳልነግር። ሁሉም የምጣዱን "ስኳር ጨምረሽበታል" አሉ። አልጨመርኩም። ስኳር ድንች ውስጥ ስታርቹን ማልቶስ ወደሚባል ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም አለ፣ ሥራውን የሚሠራው ከ60 እስከ 75 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቶሎ ሲፈላ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ይሞታል፣ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ግን ጊዜ ያገኛል። ምጣድ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ሙቀት ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ መብራትም አያባክንም።

ፈጭቼ 200 ግራሙን ከ200 ግራም ሙዝ ጋር አስገባሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ቁንጥር ኮረሪማ፣ ማር 50 ግራም። ቀረፋ ስኳር የለውም ግን ምላስን ጣፋጭ ያስመስለዋል፣ ቫኒላም እንደዛው። ጨውን እንዳትረሱ፣ ቁንጥር ጨው የሌለበት ኩኪስ ስኳሩ ቢበዛ እንኳን ጣዕም ያጣል።

ትልቁ "ይሄን ትምህርት ቤት ልውሰድ" አለ።

ጳጉሜ 3

ልጆቹ እንደ ሁልጊዜው ሩፋኤል ዝናብ ላይ ጮቤ ሲረግጡ ዋሉ፣ እርጥብ ብለው ሲገቡ በባዶ ሆድ ስለነበሩ የሰጠኋቸውን ሁሉ በሉ። ለሙከራ የማይታመን ቀን ነው፣ የራበው ልጅ ሁሉንም ይወዳል። ግን ጻፍኩት፣ ምክንያቱም ከዛ የገባኝ አለ፣ ኩኪሱን የምሰጣቸው ብስኩት ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሆነ ሁሌም ይሸነፋል።

መስከረም 9

ትምህርት ተጀምሯል። ምሳ እቃው እንዲህ ነው፦ ሰኞና ረቡዕ ሙዝና ስኳር ድንቹ ኩኪስ ሁለት ፍሬ፣ ማክሰኞ ጭኮ፣ ሐሙስ የተቀቀለ ሽንብራ በጨው፣ አርብ የጾም ነው ኩኪሱ ይደገማል። ጁስ በውሃ ተተክቷል፣ እሱ ላይ ነበር ትልቁ ለቅሶ፣ ሦስት ቀን ፈጀ ከዛ ተረሳ። ብርቱካኑን ልጬ እሰጣለሁ እንጂ አልጨምቅም፣ ሲጨመቅ ስኳሩ ይመጣል ፋይበሩ ይቀራል።

ማሩን ያወረድኩት ቀስ ብዬ ነው፣ 110፣ ከዛ 80፣ ከዛ 50፣ እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ እየጋገርኩ። ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። አንዴም "ቀነሰ" ያለ የለም። ባለፈው እሁድ ልደት ተጠርተው ኬክ በሉ፣ ይብሉ፣ ልደት ነው፣ ትንሿ ግን ክሬሙን ትታ "ይሄ በጣም ይጣፍጣል" አለችኝ ፊቷን አጨፍግጋ። ያን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መስከረም 16

ዛሬ 30 ግራም። ከማር የሚመጣው ስኳር በአንድ ፍሬ አንድ ግራም ከምናምን ነው፣ ከሙዙና ከስኳር ድንቹ ጋር ሲደመር ወደ 3። ለእህቴ ልጅ ከመሠረቱ ለይቼ ያለ ማርና ያለ ጨው ስድስት ፍሬ ጋገርኩላት፣ በጣም ለስላሳ፣ በድዷ የምታሟሟው፣ አሥረኛ ወሯን ይዛለች፣ ኩሩ ሆና በሁለት እጇ ይዛ ጨረሰችው።

የሀዋሳው ስኳር ድንች ሁለት ፍሬ ነው የቀረው። ሙዙን ጠዋት ገዝቼ ፍሪጁ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ገና ቢጫ ነው፣ እስከ ሐሙስ ነጠብጣብ ካወጣ 20 ግራም እሞክራለሁ።